ኮንፊጉ የት ይቀመጥ? መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይታወቅ

አርብ ማታ ነው። ራት ልበላ ቁጭ ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። የደወለው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ኮንፊጉን ቀየርኩት፤ ሳይቱ ግን ንቅንቅ አላለም።»

«ሪሎድ አድርገኸዋል?»

«ሦስት ጊዜ! ሪስታርትም አድርጌዋለሁ። ማሽኑን ራሱን አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።»

«ስህተት አለ ይልሃል?»

«ኧረ ምንም። ሰላም ነው፣ ቴስቱን አልፏል ነው የሚለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማሽኑ ኡቡንቱ ነው፣ አንዱ የሊኑክስ ዓይነት፤ ዌብ ሰርቨሩ፣ ማለትም የሳይቱን ገጾች ለጎብኚ የሚልከው ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስ። የሳይቱ ኮንፊግ፣ ሰርቨሩ እንዴት እንዲሠራ የሚነግረው ጽሑፍ፣ «ሾፕ» በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ልጁ ጠንቃቃ ስለሆነ ፋይሉን ከመነካካቱ በፊት ቅጂ አስቀመጠ። ቅጂውን «ኦልድ-ሾፕ» ብሎ ሰየመውና እዚያው አጠገቡ፣ «ሳይትስ-ኢኔብልድ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ተወው። ጥፋቱ ይቺው ነች። በኡቡንቱ የኤንጂንኤክስ ዋናው ኮንፊግ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ አንብብ» ይላል። ስሙ ምንም ይሁን፣ መጨረሻው ምንም ይሁን አይመርጥም። የሚያነበው ደግሞ በፊደል ተራ ነው። በላቲን ኦ ከኤስ ስለሚቀድም አሮጌው ቅጂ ቀድሞ ተነበበ። ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት የሳይት ስም ይዘው ሲመጡ ኤንጂንኤክስ ቀድሞ ያገኘውን ይይዛል፣ ሁለተኛውን ይተዋል። አዲሱ ኮንፊግ በሰላም ተነበበ፤ በሰላምም ተጣለ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት አይደለም። ፍተሻው «ተሳክቷል» ከማለቱ በፊት ስለተጋጨ ስም የምታወራ አንዲት መስመር ከላይ ትወጣለች። ግን «ተሳክቷል» የሚል ነገር ከታች እያየ ወደ ላይ የሚያነብ ማነው? እኔም ሳላነብ ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። ቅጂውን ወደ ሌላ ፎልደር አዛወረው፣ ሪሎድ አደረገ፣ አለቀ። ራቴ ግን ቀዝቅዟል።

ከመቀጠሌ በፊት፦ የፋይል መንገዶችን እዚህ የምጽፋቸው እንደ አጠራራቸው በፊደላችን ነው። ተርሚናል ላይ ስትሆኑ ወደ ላቲን መልሷቸው።

ይህ ሁሉ ቦታ ከየት መጣ?

ኡቡንቱና ዘመዱ ዴቢያን ላይ አፓቼን፣ ሌላውን ታዋቂ ዌብ ሰርቨር፣ የጫነ ሰው ኮንፊጉን /ኢቲሲ/አፓቼ2 ሥር ያገኘዋል። ሬድ ሃትና ፌዶራ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያው አፓቼ /ኢቲሲ/ኤችቲቲፒዲ ሥር ነው። ፍሪቢኤስዲ (ሊኑክስ ያልሆነ ግን የሚመስለው ሲስተም) ላይ /ዩኤስአር/ሎካል/ኢቲሲ/አፓቼ24 ይሆናል። ከሶርስ ኮዱ፣ ከፕሮግራሙ ጥሬ ጽሑፍ፣ ራሳችሁ ከገነባችሁት /ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ኮንፍ ነው። ዛምፕን፣ አፓቼን ከነጓደኞቹ የያዘውን ጥቅል፣ የጫነ ተማሪ ደግሞ /ኦፕት/ላምፕ ሥር ይፈልገዋል። ማክ ላይ ሆምብሩ በሚባለው ፕሮግራም ጫኚ ስትጭኑ ይባስ ብሎ እንደ ማሽኑ ፕሮሰሰር ይለያያል፤ በኢንቴሉ /ዩኤስአር/ሎካል/ኢቲሲ፣ በአፕል ሲሊከኑ /ኦፕት/ሆምብሩ/ኢቲሲ። ፕሮግራሙ አንድ፣ አድራሻው ሰባት።

ሰው ይህን ሲያይ «የሊኑክስ ሰዎች መስማማት አያውቁም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። እያንዳንዱ አድራሻ «ይህን ፕሮግራም እዚህ ማሽን ላይ ያመጣው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ብናይ ይገባል።

ኢቲሲ የሚለው ስም የመጣው «ወዘተ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በ1970ዎቹ፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ የሊኑክስን አያት ዩኒክስን ሲሠሩ፣ ሌላ ቦታ ያልተመደበለት ነገር የሚከማችበት ጓዳ ነበር። ማሽኑን የሚያስነሳው ኢኒት የሚባለው ፕሮግራም ሳይቀር እዚያ ነበር የሚቀመጠው። የተጠቃሚዎች ዝርዝርም አጠገቡ ነበር። ጓዳው ቀስ በቀስ ጸድቶ ለኮንፊግ ብቻ ተተወ።

/ዩኤስአር/ሎካል የመጣው በሌላ ችግር ነው። ሲስተሙን የላከው ድርጅት አዲስ ስሪት ሲልክ የራሱን ፎልደሮች ይጽፍባቸዋል። ታዲያ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ራሳቸው ኮምፓይል ያደረጉት ፕሮግራም የት ይግባ? «ሎካል» ተባለና የማሽኑ ባለቤት ግቢ ሆነ። በ1993 ሮብ ማኩል በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤንሲኤስኤ በሚባለው ማዕከል ዌብ ሰርቨር ሲሠራ ኮንፊጉ የተቀመጠው እዚያው ሎካል ሥር መሆኑ አይገርምም። ያኔ ዌብ ሰርቨርን ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚልክ አልነበረም። በ1995 አፓቼ ከዚያ ሰርቨር ተወለደና ልማዱን ወረሰ። እስከ ዛሬ አፓቼን ከሶርስ ስትገነቡ ሎካል ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂንኤክስም ከሶርስ ሲገነባ /ዩኤስአር/ሎካል/ኤንጂንኤክስ ውስጥ ነው የሚገባው።

የሊኑክስ ስርጭቶች፣ እንደ ዴቢያንና ሬድ ሃት ሊኑክስን ከፕሮግራሞች ጋር አሽገው የሚያቀርቡት፣ ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን አፓቼን የሚያመጣው አስተዳዳሪው ሳይሆን ስርጭቱ ነው። ስለዚህ ከሎካል ወጥቶ ወደ ዋናው ቤት ገባ፤ ፕሮግራሙ ወደ /ዩኤስአር፣ ኮንፊጉ ወደ /ኢቲሲ። ይህን ክፍፍል በጽሑፍ ያሰፈረው ኤፍኤችኤስ የሚባለው ደንብ ነው። የመጀመሪያው ስሪት በሌላ ስም በ1994 ወጣ፤ ስሪት 3.0 ደግሞ በ2015። ሐሳቡ ቀላል ነው። /ኢቲሲ የዚህ ማሽን ብቻ የሆነ፣ ሰው ካልነካው የማይቀየር ኮንፊግ ይይዛል። የሚሮጥ ፕሮግራም አይገባበትም። /ቫር በየጊዜው የሚለዋወጠውን ይይዛል፣ ሎግን (ፕሮግራሞች የሠሩትን የሚመዘግቡበትን) የመሳሰለ። /ዩኤስአር ለንባብ ብቻ ቢሆንም የሚሠራ መሆን አለበት። /ኤስአርቪ ማሽኑ ለሌሎች የሚያቀርበው ዳታ ነው፣ የሳይቱን ገጾች ጨምሮ። ይህን የመጨረሻውን ግን ብዙ ሰው ረስቶታል።

የቢኤስዲ ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ከሲስተሙ ጋር የመጣና ከውጭ የተጫነ አይቀላቀልም። ከውጭ የመጣ ሁሉ፣ ኮንፊጉም ጭምር፣ /ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ያስቀናኛል። ሎካልን ብታጠፉት ሲስተሙ እንደ አዲስ ሆኖ ይቀራል። ኦፕንቢኤስዲ የራሱን ትንሽ ዌብ ሰርቨር ከሲስተሙ ጋር ስለሚልክ ደግሞ የእሱ ኮንፊግ አንድ ፋይል ብቻ ሆኖ በቀጥታ /ኢቲሲ ሥር ቁጭ ብሏል።

ባለቤቱ ማነው?

የኔ መለኪያ እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ቦታው ከመጨነቅ በፊት የፋይሉን ባለቤት መለየት። ባለቤት ሊሆኑ የሚችሉት ሦስት ናቸው። አንዱ ፓኬጁን፣ ለመጫን የታሸገውን ፕሮግራም፣ ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ሁለተኛው እናንተ አስተዳዳሪዎቹ ናችሁ፤ ሦስተኛው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፣ ሲሠራ የሚጽፈው ካሽና ሎግ አለውና። ጠብ የሚነሳው ሁለት ባለቤቶች አንድ ፋይል ላይ ሲገናኙ ነው።

ቅርብ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኡቡንቱ ላይ አፕዴት እያደረጋችሁ ድንገት ሥራው ይቆምና ስክሪኑ ይጠይቃችኋል። «ይህን ኮንፊግ እናንተ ቀይራችሁታል። አዘጋጁም አዲስ ስሪት አምጥቷል። የትኛው ይሁን?» ዋይ ካላችሁ የአዘጋጁ ይገባል፣ የእናንተ ተሽሮ በሌላ ስም ይቀመጣል። ኤን ካላችሁ የእናንተ ይቆያል። ዲ ልዩነቱን ያሳያችኋል። ዝም ብላችሁ ኢንተር ብትጫኑ መልሱ ኤን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ ዴቢያን አጥሩን ከመነቅነቁ በፊት ያንኳኳል። የሬድ ሃት ቤተሰብ ግን አያንኳኳም። ብዙ ጊዜ የእናንተን ፋይል እንዳለ ትቶ አዲሱን አጠገቡ «አርፒኤምኒው» በሚል ቅጥያ ያስቀምጥና ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ፎልደሩን ስትከፍቱ ሳይነበብ እንደቀረ ደብዳቤ ተኮልኩሎ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄው ጨርሶ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል። የአዘጋጁን ፋይል አትንኩ። ዋናው ኮንፊግ በየቦታው «ከዚህ ፎልደር ተጨማሪ አንብብ» የሚል መስመር አለው፤ በሬድ ሃት «ኮንፍ.ዲ»፣ በኡቡንቱ አፓቼ «ኮንፍ-ኢኔብልድ» እና «ሳይትስ-ኢኔብልድ» (ፋይሉ ራሱ ግን የሚቀመጠው «ኮንፍ-አቬይለብል» እና «ሳይትስ-አቬይለብል» ውስጥ ነው)፣ በኦፕንሱዜ አፓቼ «ቪሆስትስ.ዲ»። የእናንተ ነገር በሙሉ እዚያ ይግባ፣ በራሳችሁ ፋይል ስም። ያኔ አፕዴት ሲመጣ አዘጋጁ የራሱን ይቀይራል፣ የእናንተን አያውቀውም።

የሁለት ፎልደሮች ጉዳይ

ሳይትስ-አቬይለብልና ሳይትስ-ኢኔብልድ የዴቢያን ሰዎች ለአፓቼ ያመጡት ዘዴ ነው። እውነተኛው ፋይል «አቬይለብል» ውስጥ ይቀመጣል። «ኢኔብልድ» ውስጥ ወደ እሱ የሚጠቁም ሲምሊንክ ብቻ ይኖራል። ሳይቱን ለመዝጋት ሲምሊንኩን ማንሳት ይበቃል፣ ኮንፊጉ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ አፓቼ ላይ ሁለት ትንንሽ ኮማንዶች አሉ፣ አንዱ የሚያበራ ሌላው የሚያጠፋ። የዴቢያኑ ኤንጂንኤክስ ፎልደሮቹን ወሰደና ኮማንዶቹን ተወ። ስለዚህ ሰው በእጁ ይሠራል፤ በእጅ ሲሠራ ደግሞ ያርብ ማታው ዓይነት ነገር ይመጣል። የኤንጂንኤክስ አዘጋጆች ራሳቸው የሚያወጡት ፓኬጅ እነዚህ ፎልደሮች ጨርሶ የሉትም፤ ኮንፍ.ዲ ብቻ ነው ያለው፤ የሚያነበውም መጨረሻቸው «.ኮንፍ» የሆኑትን ብቻ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄኛው ይሻላል። አንድን ሳይት ማጥፋት ሲያስፈልግ የፋይሉን መጨረሻ መቀየር ነው፣ በቃ። ቅጂም ቢቀር ማንም አያነበውም።

አስቂኙ ነገር፣ አፓቼ ላይ ያው ፎልደር የሚያስቸግረው በተቃራኒው ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ከአፓቼ 2.2 ወደ 2.4 ሲሻገሩ ሳይትስ-ኢኔብልድ ውስጥ የሚነበበው «.ኮንፍ» ብሎ የሚያልቅ ብቻ ሆነ። ኡቡንቱ 12.04ን ወደ 14.04 ያሻገረ ሰው ያስታውሰዋል። ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሳይት፣ ፋይሉ መጨረሻው ላይ «.ኮንፍ» ስለሌለው ብቻ፣ ያለ አንዳች የስህተት መልዕክት ጠፋ፤ በምትኩ የአፓቼ «ይሠራል!» ገጽ ብቅ አለ። በተመሳሳይ ስሪት የገጾቹ ፎልደርም አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገባ፣ «ኤችቲኤምኤል» ወደሚባል ንዑስ ፎልደር። አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የቱን ይመን?

ስለዚህ ትዝታን አትመኑ፤ ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁት። ኤንጂንኤክስን በትልቋ ቪ፣ ከስሙ ኋላ ሰረዝና ትልቋን የላቲን ፊደል ጨምራችሁ፣ ስትጠሩት ሲገነባ ኮንፊጉ የት እንዲሆን እንደተነገረው ይነግራችኋል። በትልቋ ቲ ስትጠሩት ከየፋይሉ ያነበበውን በሙሉ፣ የየፋይሉን ስም እየጠራ፣ ይዘረግፈዋል። ኦልድ-ሾፕ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ሰከንድ ይታይ ነበር። አፓቼም በትልቋ ቪ ሥሩንና ዋና ፋይሉን ይናገራል፤ በትልቋ ኤስ ደግሞ የትኛው ሳይት ከየትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው መስመር እንደመጣ ያሳያል። ይህን ኮማንድ የማያውቅ ሰው ሌሊቱን በሙሉ ትክክለኛውን መስመር በስህተተኛ ፋይል ውስጥ ሲያስተካክል ያድራል።

ፒኤችፒም፣ ብዙ ሳይቶች የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ይህንኑ ያደርጋል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሁለት ዋና ኮንፊግ አለው፣ አንዱ ለተርሚናል አንዱ ለዌብ። ሰው የፋይል መጫኛ ገደቡን ከ2 ሜጋባይት ወደ 20 ከፍ ያደርግና የተርሚናሉን አስተካክሎ ይወጣል። ትክክለኛውን ቢያገኝ እንኳ ኤንጂንኤክስ በራሱ በኩል የ1 ሜጋባይት ገደብ አለው። ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ።

የት መቀመጥ የለበትም?

ኮንፊግ ለሰው ከሚታየው የገጾች ፎልደር ውስጥ መግባት የለበትም። እዚያ ያለ ፋይል ሁሉ በብራውዘር ሊጠራ ይችላል። የፒኤችፒ ኮንፊግ መጨረሻው ፒኤችፒ እስከሆነ ድረስ ይዘቱ አይታይም፤ ኤዲተሩ ወይም እናንተ «.ባክ» የሚል ቅጂ በተዋችሁ ቅጽበት ግን የዳታቤዙ ፓስወርድ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። የአፓቼ «ኤችቲአክሰስ» ፋይል እዚያ የሚቀመጠው ዋናው ኮንፊግ ላይ ሥልጣን ለሌለው፣ የጋራ ሆስቲንግ ለሚጠቀም ሰው ታስቦ ነው። ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። አፓቼ ይህን ፋይል ፍለጋ በየጥያቄው፣ በየፎልደሩ ደጅ ይጠናል። የአፓቼ መመሪያም ዋናውን ኮንፊግ መንካት የሚችል ሰው እንዲተወው ይመክራል።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። ኮንፊጉን የሚያነበው በሩት፣ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም፣ የሚነሳው ዋናው ፕሮሰስ ነው። ጎብኚዎችን የሚያስተናግዱት ሠራተኛ ፕሮሰሶች በሌላ፣ ዝቅተኛ ተጠቃሚ ስም ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ያ ተጠቃሚ ኮንፊጉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ የሚኖረው በምን ምክንያት ነው? ሰብሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው እኮ የእሱን ስም ነው። ፋይሉ የሩት ይሁን፣ ጻፊውም ሩት ብቻ። ግንኙነቱ የሚመሰጠርበት የቲኤልኤስ ቁልፍ ከሆነ ሌላ ሰው ማንበብም የለበትም።

ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ደግሞ ኤስኢሊኑክስ የሚባል ተጨማሪ ጥበቃ አለ፣ በየፋይሉ ላይ መለያ የሚለጥፍና ቦታን በቁም ነገር የሚወስድ። ኮንፊጉን ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ አዘጋጅታችሁ በ«ኤምቪ» ወደ /ኢቲሲ/ኤችቲቲፒዲ ብታዛውሩት ፋይሉ የቤቱን መለያ እንደያዘ ይሄዳል። ፈቃዱ ትክክል፣ ባለቤቱ ሩት፣ አፓቼ ግን «ተከልክሏል» ይላል። «ሪስቶርኮን» የሚለው ኮማንድ መለያውን ያስተካክላል። ብዙ ሰው ግን ትዕግሥቱ አልቆ ኤስኢሊኑክስን ራሱን ያጠፋዋል። አይጥ ገባ ብሎ ቤት እንደማቃጠል ነው።

አሁን ደግሞ ኢቲሲ ባዶ ይሁን የሚሉ አሉ

ይህ ሁሉ ክፍፍል ላለፉት ጥቂት ዓመታት እንደገና እየተናወጠ ነው። ሲስተምዲ፣ አብዛኛውን የሊኑክስ ማሽን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አንድ ልማድ አመጣ፤ የአዘጋጁ ነባሪ ኮንፊግ /ዩኤስአር ውስጥ ይቀመጥ፣ /ኢቲሲ ለአስተዳዳሪው ብቻ ይተው። የሁለቱም ፋይል ስም አንድ ከሆነ የኢቲሲው ያሸንፋል። የኦፕንሱዜ ሰዎች /ዩኤስአር/ኢቲሲ የሚል ፎልደር ፈጥረው ብዙ ፓኬጆችን ወደዚያ ማዛወር ጀምረዋል። በኤፍኤችኤስ ውስጥ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም። ግፊቱ የመጣው /ዩኤስአር በሙሉ እንደ አንድ ምስል ተቆልፎ ከሚላክባቸው እንደ ፌዶራ ኮርኦኤስ ካሉ ሲስተሞች ነው።

እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ኢቲሲን ከፍቼ የማየው ሁሉ የኔ እጅ ሥራ መሆኑን ባውቅ ግማሽ ሥራዬ ይቀልልኛል። ችግሩ አፓቼና ኤንጂንኤክስ ይህን መደራረብ በራሳቸው አያውቁትም። አንድ ዋና ፋይል ይከፍታሉ፣ ከዚያ የተጠቆሙትን ያነባሉ። ስለዚህ ለዌብ ሰርቨር ለውጡ ቶሎ የሚደርስ አይመስለኝም። እስከዚያው ሰው የራሱን መፍትሔ ይዟል። ዋናው ቅጂ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ይኖራል፤ ኢቲሲ ውስጥ ያለው የተላከ ኮፒ ነው። አንድ ሁለት ማሽን ብቻ ላለው ደግሞ ጆይ ሄስ የሠራው ኢቲሲኪፐር አለ፤ ኢቲሲን በሙሉ ጊት ውስጥ አድርጎ ማን ምን እንደቀየረ ይመዘግባል።

ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለብቻው አሽጎ የሚያስኬድ ሳጥን) ውስጥም የድሮው ጥያቄ ቅርጹን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። ኦፊሴላዊው የኤንጂንኤክስ ኢሜጅ፣ ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል፣ ኮንፊጉን /ኢቲሲ/ኤንጂንኤክስ ውስጥ ይዟል። የአፓቼው ግን ከሶርስ ስለሚገነባ /ዩኤስአር/ሎካል/አፓቼ2/ኮንፍ ውስጥ ነው። ያ የ1990ዎቹ ልማድ ዛሬም ዶከር በሚባለው የኮንቴይነር መሣሪያ ውስጥ እየኖረ ነው።

ያ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ደወለ። ደግነቱ የራት ሰዓት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ያው ነገር። ቀየርኩት፣ ንቅንቅ አላለም።»

«ኦልድ-ሾፕ?»

«ኧረ አይደለም! አሁን ዶከር ነው። ትልቋን ቲም ኮንቴይነሩ ውስጥ አስነስቻታለሁ። አሮጌውን ነው የምታሳየኝ።»

ቢያንስ ሰርቨሩን መጠየቅ ለምዷል። ኮንፊጉን ከውጭ ማሽኑ ወደ ኮንቴይነሩ ያሻገረው አንዱን ፋይል ብቻ ነጥሎ ማውንት በማድረግ፣ ማለትም የውጩ ፋይል ከውስጥ እንዲታይ በማገናኘት፣ ነበር። የሚጠቀመው ኤዲተር ቪም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲያስቀምጥ ያለውን ፋይል አይጽፍበትም፤ አዲስ ፋይል ፈጥሮ የድሮውን ስም ያለብሰዋል። ስሙ ያው ነው፣ ከሥር ያለው ፋይል ግን ሌላ። ኮንቴይነሩ የያዘው ስሙን ሳይሆን የመጀመሪያውን ፋይል ስለሆነ የሞተውን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ፋይሉን ትቶ ፎልደሩን በሙሉ ማውንት አደረገው። ኮንቴይነሩን እንደገና አስነሳው። ሳይቱ ተቀየረ።